ተራራውን ያሳጠረው ጥይት

የጠመንጃ ወሬ ሲነሳ ስም መደርደር እንወዳለን፤ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ለበን እያልን። ስለ ጥይቱ ግን ማንም አይጨነቅም። እኔ ደግሞ የተራራ አደንን የቀየረው ከጠመንጃው ይልቅ ጥይቱ ነው ባይ ነኝ።

ውጅግራን እንውሰድ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት፣ እኛም ዓድዋ ላይ የተዋጋንበት ነው። ጥይቱ በገበያችን እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ እስከ ማገልገል ደርሶ ነበር። 25 ግራም የሚመዝነው እርሳስ በጥቁር ባሩድ ተገፍቶ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ይወጣል። አየሩን ትተን ብናሰላ እንኳ 150 ሜትር ሲደርስ በግማሽ ሜትር፣ 200 ሲደርስ ደግሞ በ1 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ታዲያ ከሸለቆ ማዶ የቆመ አጋዘን በ150 ይሁን በ200 ሜትር ላይ፣ በዓይኑ የሚለይ ማነው? ግምቱ ከሳተ ጥይቱ ወይ አፈር ይቆፍራል፣ ወይ የእንስሳውን እግር ሰብሮ ይተወዋል። ስለዚህ የድሮ አዳኝ አማራጭ አልነበረውም፤ እየዳኸ መቅረብ ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ1886 ከለበን ጋር ጭስ አልባው ባሩድ መጣ። በ1905 ጀርመኖች ጫፉ የሾለ፣ 10 ግራም የሚመዝን ጥይት ያዙ፤ ፍጥነቱ 880 ሜትር ገደማ ነው። በዚያው ስሌት 200 ሜትር ላይ የሚወርደው 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በ1925 አሜሪካኖች 270 ዊንቸስተርን አወጡ፤ 8.4 ግራም፣ በሴኮንድ 950 ሜትር ገደማ። የጋዜጠኝነት መምህር የነበረው ጃክ ኦኮነር የዱር በግ ሲያድንበት ኖሮ፣ በጽሑፎቹ ዝናውን አገነነው።

ለተራራ እንዲህ ያለውን መምረጥ ስህተት አይደለም። ግን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ጥይት የርቀት ግምትን ስህተት ይሸፍናል እንጂ የሸለቆ ነፋስን አያስቆምም። ሽቅብም ሆነ ቁልቁል ሲተኮስ ደግሞ ከታሰበው ከፍ ብሎ ይመታል፤ ምክንያቱም ውድቀቱ የሚለካው በአግድም ርቀቱ ነው። ይህን ያልተማረ ሰው በፈጣን ጥይት የሚያገኘው ነገር ቢኖር ከበለጠ ርቀት ማቁሰል ነው።

ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘውን የደጋ አጋዘን ሳይንስ የመዘገበው በ1910 ነው፤ ማለትም ጥይት ቀጥ ብሎ መሄድ ከተማረ በኋላ። ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ነው። የደን መመናመንና የእርሻ መስፋፋት የበኩላቸውን አድርገዋል፤ ሆኖም ከሰው ይጠብቀው የነበረው አጥር አንዱ ርቀት እንደነበር መርሳት የለብንም። አጥሩን እኛው አፍርሰናልና፣ የት ላይ ቆሞ መተኮስ፣ መቼስ ጨርሶ አለመተኮስ እንደሚገባ መወሰን ያለበት ጥይቱ ሳይሆን ሰውየው ነው።