ድንችን በሌሎች ሥራሥሮች ለመተካት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

ድንች በወጥ፣ በአልጫ፣ በሰላጣና በሾርባ መልክ ለምግብነት የሚውል አትክልት ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር መሆኑ ይነገራል።

ይሁን እንጂ የድንች ዋጋ ሲንር፣ አቅርቦቱ ሲያንስ ወይም ምርቱ በክምችት ወቅት ሲበላሽ በሌላ መተካት ግድ ይላል። በተለይ ለብርሃን ተጋልጦ አረንጓዴ የሆነ ወይም ያቆጠቆጠ ድንች ሶላኒን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር በብዛት ሊኖረው ይችላል። ንጥረ ነገሩ በመቀቀል የማይጠፋ በመሆኑ እንዲህ ያለውን ድንች ከማብሰል ይልቅ መተካቱ ይመረጣል።

ተተኪው የሚመረጠው ድንቹ በምግቡ ውስጥ ከሚሰጠው አገልግሎት አኳያ ነው።

ለአልጫና ለወጥ ጎደሬና ቦዬ ተስማሚ ናቸው። ሁለቱም ሲበስሉ ቅርጻቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ መረቁንም ያወፍራሉ። ጎደሬ በጥሬው አፍንና ጉሮሮን የሚያሳክክ ካልሲየም ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው በሚገባ ሳይበስል መቅረብ የለበትም። ሲላጥም እጅን ሊያሳክክ ስለሚችል ጓንት መጠቀም ይመከራል።

ስኳር ድንች ጣፋጭ በመሆኑ በርበሬ ካለበት ወጥ ጋር ይስማማል። በዘይት ሲጠበስ ግን በውስጡ ባለው ስኳር ምክንያት ፈጥኖ ስለሚጠቁር እሳቱን መቀነስ ያሻል። ብርቱካናማው ዝርያ ለቫይታሚን ኤ ምንጭነት የሚያገለግል ቤታ ካሮቲን በብዛት ይዟል። ይህን ዝርያ በማስፋፋት ረገድ የሠሩ ተመራማሪዎች በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸልመዋል።

በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በወለጋ የሚበቅለው አንጮቴ ተቀቅሎ ከተላጠ በኋላ ይቀርባል። በካልሲየም ይዘቱ ስለሚታወቅ በአካባቢው ባህል አጥንታቸው ለተሰበረና ለአራሶች ይሰጣል። በደቡብ የአገሪቱ ክፍል ደግሞ የእንሰት ሥር፣ ማለትም አሚቾ፣ እንደ ድንች ተቀቅሎ ይበላል። ሾርባና መረቅ ለማወፈር ደግሞ ቡላ ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ካሳቫ ነው። ካሳቫ ሲቆረጥ ወይም ሲፈጭ ሳይናይድ የሚያመነጭ ውህድ አለው። ጣፋጩ ዝርያ ተልጦና ተቆራርጦ በብዙ ውኃ ከተቀቀለ በኋላ ውኃው መደፋት ይኖርበታል። መራራው ግን በመቀቀል ብቻ አስተማማኝ ስለማይሆን ለቀናት መዘፍዘፍ ወይም መብላላት፣ ከዚያም መድረቅ አለበት። በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሞዛምቢክ በድርቅ ወቅት በሚገባ ያልተዘጋጀ መራራ ካሳቫ የተመገቡ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ኮንዞ በተባለ እግርን ሽባ በሚያደርግ በሽታ ተይዘዋል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት በካሳቫ ዱቄት ውስጥ የሚፈቀደው የሳይናይድ መጠን በኪሎ ግራም ከ10 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም።

የትምህርት ቤት፣ የሆስፒታልና የሌሎች ተቋማት የምግብ ግዥ ኃላፊዎች ሊያጤኑት የሚገባ ሌላም ጉዳይ አለ። 100 ግራም ጥሬ ድንች 77 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሲሰጥ፣ ስኳር ድንች 86፣ ጎደሬ 112፣ ካሳቫ ደግሞ 160 ገደማ ይሰጣሉ። በመሆኑም በኪሎ እኩል መተካት በኃይል ሰጪነት እኩል መተካት ማለት አይደለም። የካሳቫ የፕሮቲን መጠን ከድንች ያነሰ በመሆኑም ከባቄላ፣ ከምስር ወይም ከሌላ ጥራጥሬ ጋር ማቅረብ ይገባል።

በአጠቃላይ ተተኪው ሲመረጥ ከዋጋው ጎን ለጎን የአዘገጃጀቱ ደኅንነት፣ የማብሰያው ጊዜና ማገዶ እንዲሁም የተመጋቢው ልማድ አብረው ሊታዩ ይገባል። ካሳቫን በተመለከተ ደግሞ የዝርያው ዓይነት ካልታወቀ አለመግዛቱ ይመረጣል።