የጠፈር ቤት እንግዶች

ዲማ ተማሪ የማይጠፋባት አገር ናት። ቅኔ ለመማር ከሩቅ ቀዬ ወጥቶ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ የሚመጣ ልጅ በመጀመሪያ እንግዳ ነው፤ አኩፋዳውን አንግቶ ከየደጁ ይለምናል፥ ያገኘውንም ቀምሶ ይማራል። ስለዚህ የእንግዳን ነገር ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ዛሬ ለአንባብያን የማቀርበው ግን ከምድር በላይ ስለ ነበረ አንድ የእንግዳ ቤት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

የቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ሳልዩት 6 የተባለውን የጠፈር ጣቢያ መስከረም 19 ቀን 1970 ዓ.ም. ወደ ሰማይ ሰደደች። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሳልዩቶች መርከብ የሚገጥምባቸው አንድ በር ብቻ ስለ ነበራቸው፥ ባለቤቱ ከገባ በኋላ እንግዳ መቀበል አይችሉም ነበር። ሳልዩት 6 ግን ከፊትም ከኋላም በር ነበረው።

እንግዶቹ የተጠሩበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ ሶቪየት ኅብረት ከወዳጅ አገሮች ጋር ያላትን አንድነት ለዓለም ለማሳየት ነው። ሁለተኛው ከመርከቡ ጠባይ የመጣ ነው። ሶዩዝ የተባለው መርከብ በጠፈር ሦስት ወር ያህል ከቆየ በኋላ አያስተማምንም፤ ባለቤቶቹ ግን ከዚያ የበለጠ ይቆዩ ነበር። ስለዚህ አንዳንዶቹ እንግዶች አንድ ሳምንት ያህል ሰንብተው አዲሱን መርከብ ለባለቤቶቹ ትተው በአሮጌው ይመለሱ ነበር። የምሥራቅ ጀርመኑ ሲግመንድ የን በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ እንዲህ አደረገ።

ከእነዚህ የወዳጅ አገር እንግዶች የመጀመሪያው የቼኮስሎቫኪያው ቭላዲሚር ሬሜክ ነው። የተነሣው የካቲት 23 ቀን 1970 ዓ.ም. ነበር፤ ይህም የዓድዋ ድል 82 ዓመት የሞላበት ቀን ነው። ከሶቪየትና ከአሜሪካ ዜጎች ሌላ ጠፈር የደረሰ ሰው ከእርሱ በፊት አልነበረም።

ሁሉም ግን አልቀናቸውም። ሚያዝያ 2 ቀን 1971 ዓ.ም. የተነሣው ቡልጋሪያዊ ጊዮርጊ ኢቫኖቭ፥ የመርከቡ ሞተር በመበላሸቱ ጣቢያውን ሳይረግጥ ተመለሰ። እንግዳው ሲቀር የባለቤቶቹ መመለሻ እያረጀ ሄደ፤ በግንቦት ወር መጨረሻም ሰው የሌለበት ሶዩዝ ተላከላቸው። ወደ ሳልዩት 6 ከተላኩት የዘጠኝ አገሮች ሰዎች የገቡት ስምንቱ ናቸው።

ከእነርሱም መካከል መስከረም 8 ቀን 1973 ዓ.ም. የወጣው የኩባው አርናልዶ ታማዮ ሜንዴስ ይገኛል። ይህ ሰው በልጅነቱ ወላጆቹን አጥቶ ጫማ እየጠረገ ያደገ ነው፤ ከአፍሪካ ዘር ከተወለዱት ሁሉ ወደ ጠፈር የወጣ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በጣቢያውም የአገሩ የኩባ ሀብት የሆነው ስኳር በጠፈር እንዴት እንደሚረጋ መርምሯል።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እንግድነት ይበቃልን? በእነዚያ ጉዞዎች ሁሉ አዛዡ የሶቪየት ሰው ነበር። ስለ ሬሜክም የተነገረ ቀልድ አለ፤ ሲመለስ እጁ ቀልቶ ቢታይ፥ «አንዱን ነገር ልነካ ባልሁ ቍጥር ተው እያሉ እጄን ይመቱኝ ነበር» አለ ይባላል። ይህ ለሳቅ የተፈጠረ ወሬ ነው፤ ቢሆንም ሰው በሌላው ቤት ሲቀመጥ የሚሰማውን ያሳያል።

እኔ ግን እንግድነትን አልንቅም። የቅኔ ተማሪ ዕድሜውን ሁሉ አኩፋዳ ተሸክሞ አይኖርም፤ ጊዜው ሲደርስ ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። ሳልዩት 6 ሐምሌ 22 ቀን 1974 ዓ.ም. ከምሕዋሩ ወርዶ ጠፋ፤ ልማዱ ግን አልጠፋም። ብዙ አገሮች ተባብረው በሠሩት ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ፥ በ2002 ዓ.ም. ቤልጂጋዊው ፍራንክ ደ ዊን አዛዥ ሆነ፤ ሩስያዊም አሜሪካዊም ያልሆነ አዛዥ ከእርሱ በፊት በዚያ አልነበረም።

የእኛም አገር የመጀመሪያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር በቻይና ሮኬት ተነሣ። በሰው በቅሎ ተቀምጦ መንገድ እንደ መጀመር ነው። ይህ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው በዚያው መቅረት ነው። እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ሒሳቡንና ፊዚክሱን ጠበቅ አድርገን እንያዝ፤ አንድ ቀን የራሳችንን በቅሎ እንድንጭን።