ዶሮዎቹ ያለፉት ፈተና

በፀረ ተባይ ኬሚካል አያያዝ ላይ ገበሬ በማሠልጠን ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። በየስብሰባው የማልወደው አንድ አባባል አለ፤ «ገበሬው ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አያይም፣ ግድ የለውም» የሚል። ይህን የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር የማነሣለት የኢራቅን ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1971 መጨረሻ ወራት የኢራቅ መንግሥት የገዛው ምርጥ ዘር በባስራ ወደብ በኩል ገባ። ከ70 ሺህ ቶን በላይ የሚሆን ስንዴ ነበር፤ ገብስም አብሮት መጥቷል። ዘሩ ሻጋታ እንዳያበላሸው በሜቲል ሜርኩሪ ታሽቷል። ለምግብ እንዳይውልም ቀይ ቀለም ተነክሯል። ከሜክሲኮ የመጣው ስንዴ ጆንያ ላይ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ የተጻፈው ግን በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ነው። ተቀባዩ አረብኛ ወይም ኩርድኛ የሚናገር ገበሬ ነው። የራስ ቅልና የአጥንት ሥዕልም ነበረበት፤ ያ ሥዕል መርዝ ማለት መሆኑን ያልተማረ ሰው ግን ከሥዕሉ ምንም አያገኝም። በዚያ ላይ ዘሩ ለብዙዎቹ የደረሳቸው የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ ነው። በየቤቱ ስንዴ ተቀመጠ፤ ዳቦ ደግሞ የዕለት ምግብ ነው።

ታዲያ ገበሬው ዝም ብሎ አልበላም። ቀለሙን ተጠራጠረና አጠበው። ቀዩ ሲለቅ መርዙም አብሮ የሄደ መሰለው፤ ሜርኩሪው ግን እዚያው ነበር። አንዳንዱም ከስንዴው ለዶሮ በትኖ ጠበቀ። ዶሮዎቹ ለቀናት ምንም አልሆኑም። እኔ ይህን ንቀት አልለውም። በእጁ ባለው ነገር የተደረገ ጥንቁቅ ፈተና ነው፤ የጎደለው ጊዜ ብቻ ነበር። ሜቲል ሜርኩሪ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሕመሙ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል እጅና እግራቸው የሚደነዝዝ፣ ሲራመዱ የሚንገዳገዱ፣ ዓይናቸው የሚፈዝ ሰዎች ወደ ሆስፒታል መጉረፍ ጀመሩ። ሆስፒታል ከገቡት 6,530 ሰዎች 459ኙ ሞቱ። ሆስፒታል ሳይደርስ የቀረው በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

ገበሬው እህሉን ፈትኗል። ማስጠንቀቂያው ራሱ ለፈተና ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ገና የመጀመሪያው መንደር ላይ ይወድቅ ነበር።

ምልክትን በሰው ላይ መሞከር በዚያን ጊዜ ያልታወቀ ነገር አልነበረም። በ1966 የዶው ኬሚካል ባልደረባ የነበረው ቻርልስ ባልድዊን ለበሽታ አምጪ ተሕዋስያን አደጋ የሚሆን ምልክት ሲፈልግ፣ የተዘጋጁትን ንድፎች ከሌሎች ታዋቂ ምልክቶች ጋር ቀላቅሎ በተለያዩ የአሜሪካ ከተሞች ለ300 ሰዎች አሳየ። መጀመሪያ ትርጉማቸውን እንዲገምቱ ጠየቀ፤ ከሳምንት በኋላ የትኛውን እንደሚያስታውሱ ጠየቀ። የፈለገው ሰው የማይረሳውን፣ ነገር ግን ከዚያ በፊት ምንም ትርጉም ያልሰጠውን ምልክት ነበር፤ ትርጉሙ በትምህርት እንዲገባ። ዛሬ በየሆስፒታሉ የቆሻሻ መጣያ ላይ የምናየው ባለ ሦስት ቀንድ ምልክት የተመረጠው በዚህ መንገድ ነው።

የኢራቅ ስንዴ ባሕር ላይ በነበረበት በዚያው በ1971፣ በፒትስበርግ ከተማ የሕፃናት ሐኪሙ ሪቻርድ ሞሪያርቲ ሌላ ጣጣ ገጥሞት ነበር። ለከተማዋ ልጆች የራስ ቅል ማለት የባሕር ወንበዴና ጀብዱ ነው፤ የሚወዱት የቤዝቦል ቡድን ስሙ ራሱ «የባሕር ወንበዴዎች» ነው። ሐኪሙ ቀለምና የፊት ገጽታ እያቀያየረ ትንንሽ ልጆችን ጠየቀና፣ ምላሱን ያወጣ አረንጓዴ ፊት በጣም እንደሚያስጠላቸው ተረዳ። ይህ ፊት በመርዝ ጠርሙሶች ላይ የሚለጠፍ ተለጣፊ ሆኖ በየቤቱ ገባ። በ1980ዎቹ የወጡ ጥናቶች ግን በዳዴና በድክ ድክ ዕድሜ ያለ ሕፃን በተለጣፊው ምክንያት ከጠርሙሱ እንደማይርቅ አሳዩ። ምልክቱን ማወቅ ሌላ፣ እጅን መሰብሰብ ሌላ ሆኖ ተገኘ።

ዓለም አቀፍ ሥርዓቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1992 የሪዮ ጉባኤ የኬሚካል አደጋ ምልክቶች በዓለም ዙሪያ አንድ እንዲሆኑ ጠየቀ፤ በ2003ም የተባበሩት መንግሥታት ደንቡን አሳተመ። ቀይ ክፈፍ ያላቸው ዘጠኙ የአልማዝ ቅርጽ ምልክቶች የዚህ ደንብ ናቸው። እኔን የሚማርከኝ ግን ብዙ ሰው ገልጦ የማያየው ስድስተኛው አባሪ ነው። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ለዓለም የሥራ ድርጅት የቀመረው የፈተና ዘዴ እዚያ ሰፍሯል። ማንበብ የማይችል ሠራተኛም እንዲጠየቅ፣ አንዱ ጥያቄ የሌላውን መልስ እንዳያሾልክ፣ ሰውየው ምልክቱን መረዳቱ ብቻ ሳይሆን ምን ሊያደርግ እንዳሰበም እንዲመዘን ያዛል።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ በመቂ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳዎች አካባቢ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አንድ አዛውንት አምራች የራስ ቅሉን አሳይቼ «አባቴ፣ ይህ ምን ይላል?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ጠንካራ ነው፣ ትሉን ድራሹን ያጠፋል ማለት ነዋ» አሉኝ። መርዝ መሆኑን አልሳቱም፤ ለእሳቸው ግን ያ ምልክት ግዙኝ የሚል ነው። «ሲረጩ ምን ይለብሳሉ? ጀሪካኑን ባዶ ሲሆን ምን ያደርጉታል?» ብዬ ስቀጥል ነው ጉዳዩ የገባኝ። ጀሪካኑ ታጥቦ ውኃ ይቀዳበታል። ዱቄቱን በፌስታል፣ ፈሳሹን በሃይላንድ ተከፋፍሎ የሚገዛው ደግሞ ምልክቱን ጭራሽ አያየውም፤ ወረቀቱ ሱቅ ውስጥ ቀርቷል።

ስለዚህ ኬሚካል አስመጪውና ፈቃድ ሰጪው ገላጭ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ረቂቁን ለረጪዎች ያሳዩ፤ «ምን ማለት ነው?» ከማለት ይልቅ «አሁን ምን ታደርጋለህ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ አደገኛ ከሆነ የሚታረመው ወረቀቱ ነው። የሕትመት በጀት ሲያዝም ለሁለተኛው ረቂቅ የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ይታሰብ፤ የመጀመሪያው ረቂቅ ሲያልፍ እኔ እምብዛም አላየሁም።