ሁለት ሐይቅ፣ አንድ ጎጆ

የምኖርበት ሰፈር ልደታ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከእመቤታችን ልደት ነው። በሰማያችን ጭልፊትና ጥንብ አንሳ ሲያንዣብቡ ዘወትር እናያለን፤ የት እንደተፈለፈሉ ግን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። የወፍም ታሪክ እንደ ሰው ከትውልድ ስፍራው ይጀምራልና፣ ዛሬ ለአንባቢያን የማወጋው ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ወደ ሻላ ሐይቅ ስለወረዱ ሁለት ሰዎች ነው።

ሻላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆ ይገኛል። ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል። በደሴቶቹ ላይ ከመንቆሩ ሥር ትልቅ ከረጢት ያለው ነጩ ፔሊካን በሺህ እየሆነ ይራባ ነበር። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ኤሚል አርባን፣ ኬንያ ይኖሩ ከነበሩት እንግሊዛዊ የአእዋፍ ተመራማሪ ከሌስሊ ብራውን ጋር ሆነው የመራቢያውን ወቅት አጠኑ። ብራውን ቀደም ሲል የፍላሚንጎ ጎጆ ፍለጋ በናትሮን ሐይቅ የሶዳ ጭቃ ውስጥ ሲጓዙ እግራቸው ተቃጥሎ ከሞት ለጥቂት የተረፉ ሰው ናቸው።

ይህ ጥናት ትዕግሥት ይጠይቃል። ፔሊካን ሰው ሲጠጋው ደንግጦ እንቁላሉን ጥሎ ይነሣል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ይጥላል፤ እናትና አባት እየተፈራረቁ አንድ ወር ያህል ይታቀፋሉ። ከሁለቱ ጫጩቶች ብዙውን ጊዜ ለመብረር የሚበቃው አንዱ ብቻ ነው፤ ለዚያም ከሁለት ወር በላይ መመገብ አለበት።

ምግቡ ከየት ይመጣል? የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የሻላ ውኃ ዓሣው ጥቂት ነው። ወላጆቹ ፀሐይ ምድሩን እስክታሞቅ ይጠብቁና፣ ሽቅብ በሚወጣው ሞቃት አየር ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው እየተሽከረከሩ ከፍ ብለው ወደ ጎረቤቱ አቢያታ ሐይቅ ይሻገራሉ። የሚመለሱትም ብዙዎቻችን እንደምናስበው ዓሣውን በከረጢታቸው ሳይሆን በጉሮሯቸው ይዘው ነው። ሻላ መኝታ ቤት፣ አቢያታ ማዕድ ቤት ነበር ማለት ይቻላል።

ጥናታቸው በ1969 «አይቢስ» በተባለው የአእዋፍ ጥናት መጽሔት ታተመ። በ1970ዎቹም ሁለቱን ሐይቆች ያቀፈ፣ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ።

ነገር ግን አቢያታን የሚመግበው የቡልቡላ ወንዝ የሚነሣው ከፓርኩ ውጭ፣ ከዝዋይ ሐይቅ ነው። ውኃው ለመስኖ ተጠለፈ፤ በ1980ዎቹም የሶዳ አሽ ፋብሪካ በአቢያታ ዳርቻ ተተከለ። አቢያታ እየሸሸ ሄዶ በ2000ዎቹ ግማሽ ያህል ስፋቱን አጣ። ጨዋማነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ፤ የፔሊካኑም ቁጥር ክፉኛ አሽቆለቆለ።

ልብ በሉ፣ የሻላን ደሴቶች ማንም አላረሳቸውም፤ ማንም ቤት አልሠራባቸውም። ጎጆው አልፈረሰም፤ የተራቆተው ጎተራው ነው። እነዚያ ሁለት ሰዎች ወቅት እየጠበቁ ባይመዘግቡ ኖሮ፣ ዛሬ ባዶውን ሰማይ አይተን ድሮም እንዲሁ ነበር ባልን ነበር። ፔሊካኑ እንዲመለስ ከተፈለገ ደሴቱን መጠበቅ ብቻ አይበቃም፤ የቡልቡላ ውኃ አቢያታ መድረስ አለበት።