ፒዬሮ ዱሲዮና የቆጡ መኪና

ስሙኝማ የሰበታ፣ የቡራዩ፣ የሱሉልታ ሰዎች! የጅማን፣ የአምቦንና የጎጃምን መንገድ ይዛችሁ ተቀምጣችሁ የመኪና ወሬ አይሰለቻችሁም። አዲስ አበባን ስትዞራት የኖረችውን ሴይቼንቶ ታክሲ ታስታውሳላችሁ? የነደፋት ዳንቴ ጃኮዛ የተባለ የፊያት መሐንዲስ ነው። ይኸው ሰው ቀደም ብሎ ሌላ ትንሽ መኪና ሠርቶ ነበር፤ ወጌ ከእሷ ይነሣል። ዘመኑን የምቆጥረው በፈረንጅ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ የጣሊያኗ ቱሪን በቦምብ ተጎድታለች፤ ሁሉ ነገር እጥረት ነው። ፒዬሮ ዱሲዮ ግን ገንዘብ አለው። በወጣትነቱ ለጁቬንቱስ ኳስ ተጫውቷል፤ ኋላም የክለቡ ፕሬዚዳንት ሆኗል። የእሽቅድምድም ፍቅሩ አላስቀምጥ አለውና ጃኮዛን ርካሽ የውድድር መኪና አስነደፈው። ጃኮዛም የፊያት 1100ን ሞተር በቀጭን የብረት ቱቦ አጽም ላይ አሰረ። የዱሲዮ ፋብሪካ ሲሲታሊያ፣ መኪናዋ ዲ46 ተባሉ።

በ1946 ቱሪን ላይ ውድድር ሆነ። ስመ ጥሩው የእሽቅድምድም ሹፌር ታትሲዮ ኑቮላሪ በዲ46 እየከነፈ ሳለ መሪው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ! አልቆመም። ዘንጉን በአንድ እጁ ጨብጦ፣ መሪውን ለተመልካች እያውለበለበ ነዳ። ድሉን ግን ራሱ ዱሲዮ ወሰደው።

በ1947 ሚሌ ሚሊያ በተባለው የመንገድ ውድድር፣ ኑቮላሪ በ54 ዓመቱ በሲሲታሊያ 202 ትልልቆቹን አልፎ መራ። ዝናብ ወረደ፤ ውሃ ኤሌክትሪኩ ውስጥ ገባና ሞተሩ ቀጥ አለ። እንደዚያም ሆኖ ሁለተኛ ወጣ። ፒኒን ፋሪና አካሏን የሠራላት ባለጣሪያዋ 202 ደግሞ ውብ ነበረች፤ የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1951 ከስምንት የተመረጡ መኪኖች አንዷ አድርጎ ለእይታ አቀረባት።

ዱሲዮ ግን በዚህ አልረካም። ግራን ፕሪ ማሸነፍ አማረው። ከፖርሼ ቤተሰብ ጋር ተዋዋለና ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባ የሚቀመጥ፣ ባለ12 ሲሊንደር፣ አራቱም ጎማ የሚገፋ መኪና አዘዘ። ከሱ የመጣው ክፍያ ፈረንሳይ ያሰረቻቸውን አዛውንቱን ፈርዲናንድ ፖርሼን ለማስፈታት ረድቷል። የዱሲዮን ካዝና ግን አራቆተው። በ1949 ፋብሪካው ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀ፤ ጌታው ወደ አርጀንቲና ሄደ። ያቺ መኪና አንድም ግራን ፕሪ ሳትሮጥ ቀረች።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው። ሲሲታሊያን የገደላት የሙያ ማነስ አይደለም፤ የምትሸጥ መኪና እያለቻት የማትሸጠውን ማሳደዷ ነው። ጋራዥ የከፈታችሁ ልጆች፣ መጀመሪያ በእጃችሁ ያለውን ሽጡ።