«ሰርቲፊኬሽን» ስለሚባለው ቃልና ስለ ምስክርነት

በአትላንታና በአካባቢዋ፣ ይልቁንም ብዙ ወገኖቻችን በሰፈሩባት በክላርክስተን፣ በርበሬና ሽሮ ከሀገር ቤት እያስመጡ የሚነግዱ ሰዎች ስለ ላኪዎቻቸው ሲነጋገሩ «ሰርተፋይድ ነው»፣ «ሰርቲፊኬሽኑን ጥሎታል» ማለትን እያዘወተሩ መጥተዋል። ጥንቃቄው የሚመሰገን ሆኖ ሳለ፣ ቃሉ ግን ለጆሮ ከመጎርበጡ በላይ የነገሩን ምሥጢር ስለሚሰውር፣ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

ነገሩ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ከሻጭም ከገዢም ወገን ያልሆነ መርማሪ ወደ ፋብሪካው ገብቶ፣ አሠራሩን እንደ ሃሳፕ ወይም እንደ አይኤስኦ 22000 ካለ የተጻፈ የምግብ ደኅንነት ሥርዓት ጋር አስተያይቶ፣ ያየውን በጽሑፍ ይገልጻል። «የምግብ ደኅንነት» ሲባልም ምግቡ በላተኛውን አለመጉዳቱን ማለት ነው እንጂ የእህል መትረፍረፍን አያሳይም፤ ለዚያኛው «የምግብ ዋስትና» የሚል የታወቀ ስም አለውና።

በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ የተለመደው ትርጓሜ «የብቃት ማረጋገጫ» ነው፤ ነገር ግን በቃ ማለት በቤተ ክርስቲያን አነጋገር በተጋድሎው ከማዕርግ ለደረሰ መናኝ የሚነገር፣ ፍጻሜን የሚያመለክት ቃል ስለ ሆነ፣ ትናንት ንጹሕ የነበረ ወፍጮ ዛሬ ሊያድፍ ለሚችልበት ሥራ አይስማማም። «ማኅተም» ቢባልም ኀተመ ከሚለው ግስ የወጣ ሆኖ፣ ዘጋ፣ ፈጸመ የሚል ስሜት ይዟል። «ማረጋገጫ» ብቻውን ቢቆም ደግሞ ያረጋገጠው ማን እንደ ሆነ አይናገርም፤ ባለፋብሪካውም ለራሱ ሊያረጋግጥ ይችላልና።

እኔ የምመርጠው «ምስክርነት» የሚለውን ነው። ግዕዙ ሰምዐ ከሚለው ግስ አውጥቶ ስምዕ ይለዋል፤ የሚመሰክረውንም ሰማዕት ይለዋል። አማርኛችንም በዳኝነት አደባባይ ምስክር ሲቆጥር የኖረ ልሳን ስለ ሆነ፣ ማንም በገዛ ጉዳዩ ምስክር ሊሆን እንደማይችል፣ የምስክር ቃልም ባየው ነገርና ባየበት ቀን እንደሚወሰን፣ በሐሰት የመሰከረም እንደሚቀጣ፣ ቃሉ ሲጠራ ያለ ተጨማሪ ሐተታ ይታወቃል። «ተስማሚነት ምዘና» የሚል ያማረ ስም ባወጣው በዚያው ዘርፍ ውስጥ እስከ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስም ድረስ የገባው «አክሬዲቴሽን»ም «ዕውቅና» ቢባል፣ ዕውቅና ለመስካሪው፣ ምስክርነት ለአምራቹ እየተሰጠ የሥርዓቱ መዋቅር በግልጽ በታየ ነበር።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ በዚሁ በጆርጂያ፣ በብሌክሊ ከተማ የሆነውን ያስታውስ። ፒነት ኮርፖሬሽን ኦፍ አሜሪካ የተባለው ኩባንያ በዚያ የነበረው የለውዝ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ራሱ ከከፈለው መርማሪ እጅግ የላቀ የሚል ውጤት በተቀበለበት ዘመን፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በአትላንታ የሆነው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) እንደ ቆጠረው፣ በ46 ግዛቶች 714 ሰዎች ከኩባንያው ለውዝ በመጣ ሳልሞኔላ ታመሙ፤ ለዘጠኝ ሰዎች ሞትም ሕመሙ አስተዋጽኦ ሳያደርግ እንዳልቀረ ተነገረ። ንጹሕ ነው የሚሉት የላቦራቶሪ ወረቀቶች በሐሰት የተዘጋጁ መሆናቸው በፍርድ ቤት ተረጋግጦ፣ የኩባንያው ባለቤት በ2015 የ28 ዓመት እስራት ተፈረደበት። እንዲህ ያለው ወረቀት «ሰርተፊኬት» ሲባል የተበላሸ ወረቀት ብቻ ይመስላል፤ በአማርኛ ሲጠራ ግን የሐሰት ምስክርነት ነው።

በመግቢያው «ጥሎታል» ወደ ተባለው ስንመለስ፣ ላኪዎች ምስክርነቱን የሚተዉት አስቀድሞ በገንዘብ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአሜሪካ የምግብ ደኅንነት ሕግ አስመጪው የላኪውን ምግብ ደኅንነት እንዲያጣራ ያስገድዳል እንጂ ለአብዛኛው ምግብ የግል ተቋም ምስክርነትን አያዝዝም፤ ታላላቅ መደብሮች ስለሚጠይቁ ለእነርሱ የሚልከው አጽንቶ ይይዘዋል፤ ለትናንሽ ሱቆች የሚልከው ግን የምርመራውን ዋጋ በውጭ ምንዛሪ ከፍሎ ሲያበቃ፣ ስለ በርበሬው የሚከፈለው ዋጋ ያው ሆኖ ያገኘዋል። በዚህ ላይ «ሰርተፊኬት» ከትምህርት ቤት አንድ ጊዜ ተቀብለው በግድግዳ የሚሰቅሉት ወረቀት ተብሎ ስለ ተለመደ፣ መርማሪው በየዓመቱ መመለሱና ወረቀቱ በሦስት ዓመት መታደሱ አላግባብ የተጫነ ዕዳ ይመስለዋል፤ ምስክር ግን ስለ ዛሬው ዱቄት በአምናው ቃሉ ሊመሰክር አይችልም።

ስለዚህ የአትላንታ አስመጪዎች ሆይ፣ ላኪያችሁን «ሰርተፋይድ ነህ ወይ?» ከማለት ይልቅ «ምስክርህ ማን ነው? የመሰከረልህስ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።