የአቴና ሕዝብና የተውኔት ዳኝነት

በጥንታዊት አቴና የትኛው ተውኔት መድረክ እንደሚያገኝና የትኛው አክሊል እንደሚቀዳጅ የሚወስነው የጠበብት ጉባኤ አልነበረም። ፍርዱ የዜጎች ነበር፤ ዜጋ የተባለውም ነፃ ወንድ እንጂ ባሪያው፣ ሴቲቱና መጻተኛው ከዳኝነቱ የተገለሉ እንደነበሩ ሊዘነጋ አይገባም።

በጸደይ ወራት የሚከበረው የዲዮኒሶስ በዓል ከመድረሱ አስቀድሞ ደራስያን አርኮን ወደሚባለው ሹም ቀርበው የመዘምራን ጓድ ይለምኑ ነበር። ሹሙ ሦስት የትራጀዲ ደራስያንን ይመርጣል፤ የመዘምራኑን ወጪ የሚሸፍን ባለጸጋም ይመደብላቸዋል። ይሁንና ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ487 ጀምሮ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ ከልደት በፊት ናቸው) ሹሙ በዕጣ የሚወጣ ስለሆነ የጥበብ ዕውቀቱ ከጎረቤቱ ላይበልጥ ይችላል። ሶፎክለስን የሚያህል ደራሲ እንኳ አንድ ጊዜ ጓዱን ተከልክሎ ለሌላ እንደተሰጠበት የኮሜዲ ጸሐፊው ክራቲኖስ ተሳልቋል።

የዳኞቹ አመራረጥ ይበልጥ የሚደንቅ ነው። ከአሥሩ ነገዶች የተውጣጡ ዕጩዎች ስም በአሥር እንስራዎች ተከትቶ፣ በማኅተም ታሽጎ በአክሮፖሊስ ይጠበቃል፤ ማኅተሙን መድፈር በሞት ያስቀጣል። በበዓሉ ከየእንስራው አንድ አንድ ስም ይወጣል፤ አሥሩ ሰዎች ይምላሉ፤ ውድድሩ ሲያበቃም የተወዳዳሪዎቹን ደረጃ በሰሌዳ ይጽፋሉ። ከሰሌዳዎቹም አምስቱ ብቻ በዕጣ ወጥተው ይቆጠሩ እንደነበር አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። እንግዲህ ጉቦ ሰጪ ለማን ይስጥ?

ዕጣው ከጉቦ ቢያድንም ከጩኸት አላዳነም። ዳኛው የሚፈርደው ነገ በገበያ በሚያገኛቸው ጎረቤቶቹ ፊት ነው። ተመልካቹ የወደደውን በጭብጨባ ያነሣል፤ የጠላውን ያፏጭበታል፣ መቀመጫውንም በተረከዙ ይደበድባል። ተዋንያኑ ሲደክሙ ሰዉ ጣፋጩን መቆርጠም እንደሚጀምር አርስቶትል ጽፏል፤ መድረክ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። በ468 ጩኸቱ አይሎ ተመልካቹ ቢከፋፈል፣ አርኮኑ ዕጣውን ትቶ ዳኝነቱን ለጦር አዛዡ ለኪሞንና ለባልደረቦቹ እንደሰጠ ፕሉታርክ ይተርካል። ወጣቱ ሶፎክለስ አንጋፋውን ኤስኪለስን ያሸነፈው ያን ጊዜ ነው።

ፕላቶ ይህን ሁሉ የተመልካች አገዛዝ ብሎ አውግዟል፤ ዳኛ የተመልካቹ መምህር እንጂ ደቀ መዝሙሩ መሆን የለበትም ይላል። ቅሬታው መሠረት አለው። በ423 የአሪስቶፋነስ «ደመናት» ከሦስት ተወዳዳሪዎች መጨረሻ ወጣ፤ ደራሲው ተመልካቹን እየወቀሰ እንደገና ጻፈው፤ ዛሬ የሚነበበውም ይኸው ሁለተኛው ጽሑፍ ነው። «ኤዲፐስ ንጉሥ» እንኳ በፊሎክለስ እንደተሸነፈ ተጽፏል። የፊሎክለስ ግን አንድም ሙሉ ተውኔት ለትውልድ አልደረሰም።

ከስሕተት ይልቅ የሚከብደው የሕዝቡ ፍርሃት ነው። ፋርሶች በ494 ሚሌጦስን ከደመሰሱ በኋላ ፍሪኒከስ የከተማይቱን ውድቀት በመድረክ ቢያሳይ፣ ተመልካቹ በሙሉ አለቀሰ፤ ደራሲውም 1,000 ድራክማ ተቀጣ፣ ተውኔቱ ዳግመኛ እንዳይታይ ታገደ። ዕንባው የድርሰቱን ኃይል ይመሰክራል፤ ቅጣቱ ደግሞ አቴናውያን የገዛ ቁስላቸውን ለማየት አለመድፈራቸውን። ያው ሕዝብ በ405 «እንቁራሪቶች» መብታቸው ለተገፈፈ ዜጎች ምሕረት መጠየቁን ወድዶ፣ እንደገና እንዲታይ አድርጎታል።

ፕላቶ ያልመዘነው ነገር፣ ይህ ፍርድ በበዓሉ ማግስት የማይዘጋ መሆኑን ነው። ከበዓሉ በኋላ በዚያው ቲያትር ጉባኤ ተሰብስቦ የበዓሉን አመራር ይመረምራል። ኤስኪለስ ከሞተ በኋላ ተውኔቶቹ እንደገና እንዲታዩ ሕዝቡ ወሰነ። በ386 የቀድሞ ትራጀዲዎችን ደግሞ ማቅረብ በበዓሉ ሲጀመር እጅግ ከተፈለጉት አንዱ ዩሪፒደስ ሆነ፤ በሕይወቱ ሳለ ያሸነፈው አራት ጊዜ ብቻ ነበር። በ330 አካባቢም በሊኩርጎስ ሕግ የሦስቱ ደራስያን ሐውልት ከነሐስ እንዲሠራ፣ ድርሰቶቻቸውም ተገልብጠው በመንግሥት እጅ እንዲቀመጡ፣ ተዋንያንም ከዚያ ቃል እንዳይወጡ ተደነገገ።